ለድሬዳዋና ለሐረር ኪነ ጥበብ የማን አገር አሠራር ይበጃል?

ጥያቄው የመጣው በድሬዳዋ ከሚንቀሳቀስ አንድ የቴአትርና የሙዚቃ ማኅበር ነው። ማኅበሩ ለአስተዳደሩ የሚያቀርበውን የድጋፍ ጥያቄ በማርቀቅ ላይ ሳለ አባላቱ በሐሳብ ተለያይተዋል፤ አንዱ የእንግሊዝ የጥበባት ምክር ቤት አርአያ ይሁነን ሲል፣ ሌላው የፈረንሳይን የባህል ሚኒስቴር፣ ሦስተኛው ደግሞ የጀርመንን አሠራር መርጧል። በመጨረሻም እንዲህ ብለው ጠየቁኝ፦ ለኪነ ጥበብ ከመንግሥት ካዝና ብዙ ገንዘብ የሚያወጣው የትኛው አገር ነው? ከእነዚህ ውስጥ ለእኛ የሚስማማው የማን አሠራር ነው? ድሬዳዋ ክልል ሳትሆንስ የራሷ የባህል ፖሊሲና በጀት ሊኖራት ይችላል ወይ?

በቅድሚያ ጥያቄውን በቁም ነገር ይዛችሁ በመነሳታችሁ አመሰግናለሁ። በከተማችን ስለ ኪነ ጥበብ ድጋፍ የሚነሳው ወሬ አብዛኛውን ጊዜ «መንግሥት ይርዳን» ከሚል አቤቱታ አያልፍም፤ እናንተ ግን እንዴት ይርዳን ብላችኋል፤ ለውጥ የሚያመጣውም ይህኛው ጥያቄ ነው። በምላሼ የውጭ አገሮችን ዓመታት በእነሱ አቆጣጠር፣ የእኛን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ብዙ እንዳትደክሙ እመክራችኋለሁ። የአገሮችን የባህል በጀት ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ቀላል ቢመስልም፣ በየአገሩ «የባህል በጀት» በሚል ርዕስ የሚመዘገበው ወጪ የተለያየ ስለሆነ ድምሩ ያሳስታል። የጀርመንን ፌዴራል መንግሥት በጀት ብቻ የተመለከተ ሰው አገሪቱ ለኪነ ጥበብ የምታወጣው ጥቂት ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ ከመንግሥት የባህል ወጪ ከአራት ሦስቱን እጅ የሚሸፍኑት ግን ክልሎቹና ከተሞቹ ናቸው። የፈረንሳይ የባህል ሚኒስቴር በዓለም ዙሪያ ዝነኛ ቢሆንም፣ የማዘጋጃ ቤቶችና የሌሎች የአካባቢ አስተዳደሮች የባህል ወጪ ሲደመር ከሚኒስቴሩ ይበልጣል። አሜሪካን ካነሳን ደግሞ በ1965 የተቋቋመው ብሔራዊ የጥበባት ድጋፍ ተቋም በ2023 የተመደበለት 207 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ይህም ከ300 ሚሊዮን ለሚበልጠው ሕዝብ ሲካፈል ለነፍስ ወከፍ አንድ ዶላር እንኳ አይሞላም። ነገር ግን በዚያ አገር ለሙዚየም ወይም ለቴአትር ቤት ገንዘብ የሚለግስ ሰው ልገሳው ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ላይ ስለሚቀነስለት፣ መንግሥት ሳይሰበስብ የሚተወው ግብር ትልቁ የኪነ ጥበብ ድጋፍ ሆኖ ያገለግላል፤ ይህ ያልተሰበሰበ ገንዘብ በየትኛውም የባህል በጀት ሰነድ ላይ አይታይም።

የእኛም ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም። በአንድ የባህል ቢሮ በጀት ውስጥ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የመኪና ነዳጅ፣ የበዓል አከባበር፣ የቅርስ ጥገና እና የኪነት ቡድኑ አልባሳት አንድ ላይ ይመዘገባሉ። ድምሩ ዓመት ከዓመት አድጎ እንኳ ለአዲስ ድርሰት፣ ለአዲስ ዜማ ወይም ለአዲስ ቴአትር የዋለ አንድ ብር ላይኖርበት ይችላል። ስለዚህ «ስንት ብር» ከማለታችሁ በፊት ገንዘቡን የሚመድበው የትኛው የአስተዳደር እርከን እንደሆነ፣ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ማን እንደሆነና የተሰጠው ተስፋ ለስንት ዓመት እንደሚጸና ጠይቁ። አገሮችን በእነዚህ ጥያቄዎች ስታወዳድሩ ሥዕሉ ወዲያው ይለወጣል።

ከእንግሊዝ እንጀምር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በ1940፣ ሙዚቃና ቴአትር በቦምብ ወደሚደበደቡ ከተሞችና ወደ ፋብሪካ ሰፈሮች እንዲደርሱ የሚሠራ ጉባኤ ተቋቋመ፤ ከጦርነቱ በኋላ ይኸው ጉባኤ በ1946 በንጉሣዊ ቻርተር የታላቋ ብሪታኒያ የጥበባት ምክር ቤት ሆነ። ሐሳቡን ከሁሉ በላይ ቅርጽ የሰጠው ኢኮኖሚስቱ ጆን ሜናርድ ኬንስ ቻርተሩ ከመጽደቁ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ አረፈ። የአሠራሩ ዋና መርሕ መንግሥት ጠቅላላ ገንዘቡን እንዲሰጥ፣ ገንዘቡ ለየትኛው ቴአትር ወይም ለየትኛው ደራሲ እንደሚውል ግን ሚኒስትሩ እንዳይወስን ነው፤ ውሳኔው የምክር ቤቱ ነው። በ1994 ምክር ቤቱ ለእንግሊዝ፣ ለስኮትላንድና ለዌልስ ተከፍሎ ሦስት ሆነ፤ በዚያው ዓመት የተጀመረው ብሔራዊ ሎተሪም ሌላ የገቢ ምንጭ ሆነለት። የዌልስ ምክር ቤት በዌልስ ቋንቋ የሚሠራውን ቴአትርና ሥነ ጽሑፍ በራሱ ሚዛን መዝኖ መደገፍ መቻሉ እንደ ድሬዳዋ አራት ቋንቋ ለሚነገርባት ከተማ ትምህርት አለው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሆኖም የእንግሊዝ አሠራር ውስጡ የቆየ ሕመም አለበት። ለብዙ አሥርት ዓመታት የገንዘቡ ከፍተኛ ድርሻ ለንደን ላይ ተከማችቷል፤ ታላላቆቹ ኦፔራ ቤቶችና ቴአትር ቤቶች እዚያ በመሆናቸው ብቻ ሳይሆን፣ የገመጋሚዎቹም ዓይን እዚያው የለመደ ስለነበር ነው። በ2022 መንግሥት ከለንደን ውጭ ላሉ አካባቢዎች ተጨማሪ ገንዘብ እንዲዞር ምክር ቤቱን አዘዘ፤ ምክር ቤቱም የእንግሊዝ ብሔራዊ ኦፔራ መደበኛ ድጋፉን የሚያገኘው መቀመጫውን ከለንደን ካወጣ ነው አለ። ከብዙ ውዝግብ በኋላ ኦፔራው በ2023 መጨረሻ ማንችስተር አካባቢን እንደመረጠ አስታወቀ። ዓላማው ፍትሐዊ ነበር፤ በእኔ ግምት ግን ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው፣ ገንዘብ በአንድ ማዕከል ከተሰበሰበ በኋላ ወደ ዳር ማከፋፈል ከባድና የሚያቆስል ሥራ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ በቻርተር የተረጋገጠ ነጻነት እንኳ ሚኒስትር አቅጣጫ ሲሰጥ መታጠፉ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ከደቡብ ኮሪያ የበለጠ የሚያስጠነቅቅ ምሳሌ አላውቅም። ኮሪያ በ2005 የእንግሊዝን መንገድ ተከትላ የጥበባት ምክር ቤት አቋቋመች፤ ሕጉም ተቋሙም በወረቀት ላይ የተሟሉ ነበሩ። በ2016 ግን መንግሥትን ተችተዋል የተባሉ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ የኪነ ጥበብ ሰዎች ስም ያለበት፣ ድጋፍ እንዳያገኙ የሚያግድ ዝርዝር እንደነበር ተጋለጠ፤ በ2017 መጀመሪያ ላይም የባህል ሚኒስትሯ ታሰሩ። ምክር ቤት ማቋቋም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ማን ምን ያህል እንደተሰጠውና ለምን እንደተሰጠው በይፋ ካልታተመ፣ የግምገማ ኮሚቴው ማንነት ካልታወቀ፣ የተከለከለ ሰው ይግባኝ የሚልበት ቦታ ከሌለ፣ ነጻ ምክር ቤት የሚባለው ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የፈረንሳይ መንገድ በተቃራኒው በግልጽ የመንግሥት ነው። ጄኔራል ደጎል በ1959 የባህል ጉዳዮች ሚኒስቴርን ሲያቋቁሙ ደራሲው አንድሬ ማልሮ የመጀመሪያው ሚኒስትር ሆኖ አሥር ዓመት ቆየ፤ በክፍላተ አገር የባህል ቤቶች እንዲሠሩ ያደረገውም እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ሚኒስቴሩ በየክልሉ የራሱን የባህል ጉዳዮች ዳይሬክቶሬት ከፈተ። ዣክ ላንግ ሚኒስትር በሆነበት በፕሬዚዳንት ሚተራን ዘመን የ1982 የባህል በጀት በአንድ ጊዜ ወደ እጥፍ አደገ። ከዚህ ሁሉ ለእኛ የሚጠቅመው የገንዘቡ ብዛት ሳይሆን የውሉ አሠራር ነው፤ አንድ የክፍለ አገር ቴአትር ቤት ብሔራዊ ዕውቅና ሲሰጠው ማዕከላዊው መንግሥት፣ ክልሉና ከተማው እያንዳንዳቸው ምን ያህል እንደሚያዋጡና ቴአትር ቤቱ በምላሹ ምን እንደሚሠራ በብዙ ዓመት ውል ይፈራረማሉ። አንዱ ወገን በመሃል ላይ ልውጣ ቢል ሌሎቹ ይጠይቁታል።

ሌሎች ሁለት የፈረንሳይ ልማዶችም ሊታወቁ ይገባል። አንደኛው ከእያንዳንዱ የሲኒማ ትኬት ላይ 10.72 በመቶ ተቀንሶ ለፊልም ሥራ ድጋፍ ወደሚውል ፈንድ መግባቱ ነው፤ በዚህ ምክንያት የውጭ ፊልም ለማየት የገባው ተመልካች ሳይቀር ለአገሩ ፊልም ያዋጣል ማለት ነው። ሁለተኛው በመድረክና በፊልም ሥራ ላይ ያለ ሰው በ12 ወር ውስጥ 507 ሰዓት መሥራቱን ካስመዘገበ በሥራ መሃል ባለው ክፍት ጊዜ የሥራ አጥነት ክፍያ የሚያገኝ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የሠራተኛ መድን ሥርዓታችን ሌላ ደረጃ ላይ ሳይደርስ እዚህ ሊተከል አይችልም፤ የመጀመሪያው ግን በከተማ አስተዳደር ደረጃም ሊታሰብ የሚችል ነው። በነገራችን ላይ ድሬዳዋ የባቡር ከተማ በመሆኗና አሊያንስ ፍራንሴዝ ስላለባት ብዙዎቻችን የፈረንሳይን የባህል ፖሊሲ በዚያ በኩል እናውቀዋለን ብለን እናስባለን። አሊያንስ ግን ፈረንሳይኛን ለውጭ ሰው የሚያስተምርና የፈረንሳይን ባህል በውጭ የሚያስተዋውቅ ነው፤ አገሪቱ የራሷን ክፍለ አገር ቴአትር እንዴት እንደምትይዝ ከእሱ መማር አይቻልም።

አሜሪካን በአጭሩ ልለፈው። የፌዴራሉ ተቋም ለድጋፍ ከሚያውለው ገንዘብ 40 በመቶውን ለግዛቶችና ለቀጠና የጥበባት ምክር ቤቶች ያስተላልፋል፤ ድጋፍ የሚያገኘውም ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ የዚያኑ ያህል ከሌላ ምንጭ እንዲያመጣ ይጠየቃል። እንዲህ ያለ ማዛመጃ መዋጮ መጠየቁ ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ በ2025 የጸደይ ወራት ቀድሞ የተፈቀዱ ብዙ ድጋፎች በደብዳቤ ተሰርዘዋል፤ ውላቸውን ይዘው ሥራ የጀመሩ ትናንሽ ቡድኖች መንገድ ላይ ቀሩ። ለጋሽ ባለሀብት በብዛት በሌለበት ከተማ ይህን አሠራር ዋና መሠረት ማድረግ አይቻልም።

አሁን ረዘም አድርጌ ልናገርበት ወደምፈልገው ወደ ጀርመን እመጣለሁ፤ ከአባላታችሁ መካከል ጀርመንን የመረጠው ትክክል ይመስለኛል፤ ትኩረታችንን ግን በአገሪቱ ሁሉ ላይ ሳይሆን በአንዲት ክልል ላይ ብናደርግ ይሻላል። በጀርመን ሕገ መንግሥት መሠረት ባህል በዋናነት የክልሎች ሥልጣን ነው፤ እንዲያውም የፌዴራሉ መንግሥት የራሱን የባህል ጉዳዮች ኃላፊ የሾመው በ1998 ነው። በምሥራቅ በኩል የምትገኘው የሳክሶኒ ክልል ሁለቱ ጀርመኖች ሲዋሐዱ ከቀድሞው ሥርዓት እጅግ ብዙ ቴአትር ቤቶችና ኦርኬስትራዎች ወረሰች። ለሽግግሩ ከፌዴራሉ መንግሥት ይመጣ የነበረው ገንዘብ ሲያበቃ ትናንሽ ከተሞች ሊሸከሙት የማይችሉት ዕዳ ፊታቸው ተደቀነ፤ ቴአትር ቤቱ ያለባት ከተማ ወጪውን ብቻዋን ትከፍላለች፣ ከዙሪያዋ ያሉ ወረዳዎች ነዋሪዎች ግን ሳይከፍሉ ይመለከታሉ።

ክልሉ በ1993 ያወጣው ሕግ ይህን ችግር በቀጥታ ነካ። ሕጉ ባህልን መንከባከብ ለከተሞችና ለወረዳዎች በፈቃድ የሚሠራ ሳይሆን ግዴታ ያለበት ሥራ እንዲሆን አደረገ፤ ቀጥሎም ክልሉን «የባህል ቀጠናዎች» ብሎ ከፈለው። ዛሬ አምስት የገጠርና ሦስት የከተማ ቀጠናዎች አሉ። በገጠር ቀጠናው ውስጥ ያሉ ወረዳዎች በሙሉ መዋጮ ይከፍላሉ፤ ተቋሙ የሚገኝበት ከተማ ተጨማሪ ድርሻ ይይዛል፤ ክልሉ ደግሞ በየዓመቱ በሕግ የተወሰነ ገንዘብ ይጨምራል። ገንዘቡ የሚሰጠው ከአንድ ቀበሌ ወይም ከአንድ ከተማ አልፎ ለቀጠናው ለሚጠቅም ሥራ ነው፤ ባለቤቱ ማዘጋጃ ቤት ይሁን የግል ማኅበር ለውጥ የለውም። ውሳኔውን የሚያሳልፈው የወረዳ አስተዳዳሪዎችና የምክር ቤት ተወካዮች የሚቀመጡበት ጉባኤ ሲሆን፣ አስቀድሞ የሚመዝነውና ምክር የሚሰጠው የባለሙያዎች ቦርድ ነው። ሕጉ በመጀመሪያ በጊዜ የተገደበ ነበር፤ ኋላ ግን ቋሚ ሆኗል።

ከእነዚህ ቀጠናዎች አንዱ የፎግትላንድና የትስቪካው ቀጠና ነው። ሕዝቡ ከግማሽ ሚሊዮን ትንሽ ይበልጣል፤ በውስጡ ያሉት ሁለት ከተሞች ፕላወንና ትስቪካው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ ሁለቱም የየራሳቸው ቴአትር ቤት ነበራቸው፣ ሁለቱም ለብቻቸው መቀጠል አልቻሉም። በ2000 ሁለቱን ቴአትር ቤቶች አንድ ተቋም አደረጓቸው፤ አንድ ቡድን በሁለት መድረክ ይጫወታል። መጀመሪያ ላይ በሁለቱም ከተሞች ቅሬታ ነበር፤ ይሁን እንጂ ተቋሙ ቆሟል።

ይህን ሳነብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ የእኛ መንገድ ነው። ከድሬዳዋ እስከ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ1999ኙ ሕዝብ ቆጠራ ድሬዳዋ 341,834፣ ሐረሪ ክልል ደግሞ 183,415 ሕዝብ ነበራቸው፤ ሁለቱ ተደምረው ከዚያ የጀርመን ቀጠና ጋር ተቀራራቢ ነበሩ። ሐረር የሚጫወት ዘፋኝ የሚያደምጠው ሕዝብ ከድሬዳዋ ይወጣል፤ ድሬዳዋ የሚታይ ቴአትር የሐረርን ወጣት ይስባል። ተመልካቹ አንድ ሆኖ ሳለ በጀቱ በሁለት መስተዳድሮች ተከፍሎ ይኖራል፤ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው አንድ ሙሉ ቴአትር ቤት፣ አንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትና አንድ የተሟላ የድምፅ መሣሪያ ማስተዳደር ይከብዳቸዋል። ለጋራ ፈንድ እንግዳ አይደለንም። እቁብ ውስጥ እያንዳንዱ የጣለውን በተራው ያነሳል፤ በእድር፣ በሐረርም በአፎቻ፣ ግን የተዋጣው የሚሰጠው ጉዳይ ለገጠመው ቤት ነው። ከሁለቱ መስተዳድሮች የምትጠይቁት ሁለተኛውን ዓይነት ነው፤ ማንም ዘንድሮ ያዋጣሁት ለእኔ ብቻ ይመለስልኝ እንዳይል ከመጀመሪያው በደንቡ ላይ መጻፍ አለበት።

የአፍሪካን ልምድ ሳንመለከት ብናልፍ ግን ንጽጽሩ ጎደሎ ይሆናል፤ ችግራቸው ለእኛ ይቀርባልና። የደቡብ አፍሪካ የ1996 ሕገ መንግሥት ባህልን የብሔራዊው መንግሥትና የክፍላተ አገሩ የጋራ ሥልጣን ሲያደርግ፣ ብሔራዊ ያልሆኑ ሙዚየሞችንና ቤተ መጻሕፍትን ለክፍላተ አገሩ ሰጥቷል። በአፓርታይድ ዘመን ለነጮች የተመቹ አራት የክፍላተ አገር የመድረክ ጥበባት ምክር ቤቶች አብዛኛውን ገንዘብ ይወስዱ ነበር፤ በ1997 በወጣ ሕግ ብሔራዊ የጥበባት ምክር ቤት ተቋቋመና የቀድሞዎቹ ምክር ቤቶች ወደ ክፍት የመድረክ አዳራሾች ተለወጡ። ፍትሕ ያስፈልግ ነበር፤ ነገር ግን በቋሚነት የሚቀጠሩ የቴአትርና የዳንስ ቡድኖች በዚያ ለውጥ ተበተኑ፤ ሕንጻው ቀረ፣ ሥራ የሚሠራበት ሰው ግን ጠፋ። አዳራሽ መሥራትን እንደ ዋና ግብ ለምናይ ለእኛ ይህ ልብ ሊባል ይገባል።

ኬንያ ደግሞ በ2010 ሕገ መንግሥቷ ባህላዊ እንቅስቃሴን፣ ሙዚየሞችንና ቤተ መጻሕፍትን ለ47ቱ ካውንቲዎች ሰጠች። ሥልጣኑ ወረደ፤ ከማዕከል የሚመጣው ዋና ድርሻ ግን ለዚህ ይዋል ተብሎ ያልታሰረ ጥቅል ገንዘብ ስለሆነ፣ በየካውንቲው ባህል ከመንገድ፣ ከውሃና ከጤና ጋር ይወዳደራል፤ በዚህ ውድድር ማን እንደሚያሸንፍ አስረጅ አያስፈልግም። የእኛም ሥርዓት በዚህ ረገድ ያው ነው። ከፌዴራል መንግሥት ወደ ክልሎች የሚሄደው ድጎማ ጥቅል ነው፤ ለባህል ስንት እንደሚውል የሚወስነው ተቀባዩ ነው። አዲስ አበባ ሄዶ መለመን ብዙ የማይጠቅመውም ለዚህ ነው፤ ውሳኔው ያለው እዚሁ ነው።

ይህም ወደ ሦስተኛው ጥያቄያችሁ ያደርሰናል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 መንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብ፣ ለሥነ ጥበብና ለስፖርት መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል፤ አንቀጽ 91ም አቅም በፈቀደ መጠን ኪነ ጥበብን እንዲደግፍ ይጠይቃል። «መንግሥት» ሲባል የፌዴራሉ ብቻ አይደለም። ፌዴራሉ በአንቀጽ 51 የተሰጠው የቅርስ ጥበቃን በሚመለከት አገራዊ መመዘኛና መሠረታዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ማውጣት ነው፤ የ1990ው የባህል ፖሊሲና በ2008 ተሻሽሎ የወጣውም የአገሪቱ ጠቅላላ ማዕቀፍ ናቸው እንጂ የድሬዳዋን ቴአትር በስም አያነሱም። ድሬዳዋ ክልል ባትሆንም በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ቻርተር የተሰጣት፣ በጀቷን የሚያጸድቅ የራሷ ምክር ቤት ያላት አስተዳደር ናት። ስለዚህ የራሷ የባህል ስትራቴጂና ለዚሁ የሚሆን ፈንድ እንዲኖራት የሚከለክላት ነገር አይታየኝም።

በድሬዳዋና በሐረሪ መካከል ያለውን ልዩነት ግን በጽሑፋችሁ ማክበር አለባችሁ። የሐረሪ ክልል ሲቋቋም የሐረሪን ሕዝብ ቋንቋና ቅርስ መጠበቅ ከዋና ዓላማዎቹ አንዱ ነው፤ ጁገል በ1998 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ፣ የሹዋሊድ በዓልም በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ ይህ ኃላፊነት ይበልጥ ከብዷል። የክልሉ ቢሮ ገንዘቡን ወደ ቅርስ ቢያዘነብል አይወቀስም። ሐረር ውስጥ የሸሪፍ ሙዚየም መነሻው አንድ ግለሰብ በቤቱ የሰበሰበው ቅርስ ሲሆን፣ በራስ ተፈሪ ቤት እንዲቀመጥ ያደረገው ክልሉ ነው፤ መንግሥት ቤት ሰጥቶ የግለሰብን ድካም ሲያጸና ምን እንደሚገኝ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልጋችሁም። ድሬዳዋ በበኩሏ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማልኛና ሐረሪኛ በአንድ ሰፈር የሚሰሙባት ከተማ ናት፤ የእሷ ሀብት አዲስ ሥራ የሚወለድባት መሆኗ ነው። በ1950ዎቹ እዚችው ከተማ የተነሳውና ዓሊ ቢራን ያፈራው የአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን በሕዝብ መዋጮና በሠርግ ቤት ጨዋታ እንጂ በመንግሥት ብር አልቆመም፤ የዘመኑ መንግሥት እንዲያውም በጥርጣሬ ያየው ነበር። በደርግ ዘመን ደግሞ በየቀበሌውና በየከፍተኛው የኪነት ቡድን ተቋቁሞ መሣሪያና መለማመጃ ቦታ ተሰጠ፤ ብዙ ድምፃውያን ከዚያ ወጡ፣ ነገር ግን የሚዘፈነውን የሚወስነው ገንዘቡን የሰጠው አካል ነበር። አንዱ ነጻነት ነበረው እንጂ ድጋፍ አልነበረውም፤ ሌላው ድጋፍ አገኘ እንጂ ነጻነት አላገኘም። የምትጽፉት ሐሳብ ሁለቱን አንድ ላይ የሚጠይቅ መሆን አለበት።

ሐሳባችሁን የሚያሰናክሉት ትልልቅ የፖሊሲ ጥያቄዎች ብቻ እንዳይመስሏችሁ፤ የሒሳብ አሠራሩም ያሰናክላል። አንድ ቢሮ ቴአትር ለማሠራት ሲነሳ አሠራሩ ግዥ ይሆንና ሦስት ፕሮፎርማ ይጠየቃል፤ ድርሰት እንደ ወንበርና እንደ ወረቀት በአነስተኛ ዋጋ ይመረጣል። ሰኔ 30 ሲደርስ ደግሞ ያልተነካው በጀት ይቃጠላል፤ ልምምዱ ግንቦት ላይ የተጀመረ ሥራ መሃል ላይ ይቆማል፣ ወይም ሳይበስል መድረክ ላይ ይወጣል። ስለዚህ የምትጠይቁት ገንዘብ በጀቱ ላይ በግዥ ሳይሆን በድጎማ ርዕስ እንዲያዝና ከአንድ የበጀት ዓመት በላይ በሚጸና ውል እንዲሰጥ በግልጽ ጻፉ። ከፈረንሳይ የምንወስደው ይህን ውል ነው፤ ከእንግሊዝ የባለሙያ ኮሚቴ ውሳኔን፤ ከሳክሶኒ ደግሞ የጎረቤቶችን መዋጮና የተቋሙ መቀመጫ የሆነው ከተማ ተጨማሪ የሚከፍልበትን ደንብ።

ኮሚቴውን በሚመለከት አራቱንም ቋንቋዎች የሚያነብና የሚያደምጥ ገምጋሚ እንዲኖር አጥብቃችሁ ጠይቁ። በሶማልኛ የተጻፈ ግጥም በአማርኛ ትርጉሙ ብቻ ተመዝኖ ሊወድቅ አይገባም፤ የዌልስ ምክር ቤት ራሱን ከቻለ ወዲህ ያገኘው ጥቅም ይኸው ነው። አባላቱ ከሁለቱ ከተሞች በእኩል ይመረጡ፤ ለሁለት ዓመት አገልግለው ይቀየሩ፤ በዳኝነት ላይ ያለ ሰው በዚያ ዓመት ለራሱ ቡድን አያመልክት። የተሰጠው ገንዘብ፣ የተቀባዩ ስምና የውሳኔው ምክንያት በየዓመቱ በሁለቱም ቢሮዎች ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ከፈንዱ ገንዘብ ውስጥ አብዛኛው ለአዲስ ሥራ እንዲውል በደንቡ ይጻፍ፤ አለበለዚያ በዓል በመጣ ቁጥር ለበዓሉ ዝግጅት እየተወሰደ ያልቃል።

በመጀመሪያው ዓመት አዲስ አዳራሽ አትጠይቁ። በሁለቱም ከተሞች ባሉት አዳራሾች የሚታይ አንድ አዲስ ቴአትርና አንድ አዲስ የሙዚቃ ዝግጅት፣ የደራሲውን፣ የተዋንያኑን፣ የሙዚቀኞቹንና የትራንስፖርቱን ወጪ ለይታችሁ በሁለት ዓመት ውል ጠይቁ፤ ከትኬት የሚገኘው ገቢም ተመልሶ ወደ ፈንዱ እንደሚገባ ግዴታ ግቡ። ረቂቁን ለባህል ቢሮው ብቻ አትስጡ፤ ለፋይናንስ ቢሮውና ለምክር ቤቱ የሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴም ግልባጭ ይድረሳቸው፤ ከሐረር በኩል ካሉ የሙያ ባልደረቦቻችሁ ጋር ተፈራርማችሁበት ተመሳሳዩ ሐሳብ በዚያም በኩል በአንድ ሳምንት ይግባ። ይህ ሁሉ የሚሆነው የበጀት ጥሪው ለመሥሪያ ቤቶች ከመተላለፉ በፊት ነው፤ ዕቅዱ አንዴ ተጠቃሎ ወደ ምክር ቤት ከሄደ በኋላ የሚመጣ ሐሳብ የቱንም ያህል መልካም ቢሆን ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል።